ዱቄቱ ስንት ይሁን?

ኮሪንዝ፣ ሚሲሲፒ
ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1986

ዛሬ ጠዋት ውርጭ ነበር። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወጣችና የጣሪያው በረዶ ሲንጠባጠብ ዋለ። ይህን ስጽፍ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ነን፤ ድመቱም ይቆጠር ከተባለ ሦስት ነን። እማዬ ምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ "ዩሊን፣ ጮክ ብለሽ ጻፊ እንጂ! እንዲህ ዝም ብለሽ ስትጽፊ እኔ ምን እንዳልሽ በምን አውቃለሁ?" ትለኛለች።

ውድ እኅቴ ትዋይላ፣

ጌታ አንቺን፣ ባልሽን ዶርሲን፣ ልጆችሽን ሻንዳንና ሚስቲን በዚያ በባሕሩ ዳርቻ ብርድ በጤና ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ደክሟል፤ አፏ ግን እንደምታውቂው ነው።

የገና ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሁለቴ አነበብኩት። አያቶቻችን እኅትማማቾች ነበሩ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ዘመድ ዛሬ ጥቂት ነው። ደግሞ ከዚያ ሁሉ አገር ርቀሽ የጠየቅሽኝ ነገር የዱቄት በርገር አሠራር መሆኑ አሳቀኝ። እማዬማ "ያቺ ልጅ ከዚህ ልትሄድ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ 'ከእንግዲህ ዱቄት በቃን፣ ሙሉ ሥጋ ነው የምንበላው' ብላ አልነበር?" አለች። በፍቅር ነው፤ አትቀየሚ።

የእሑድ እንግዶችሽ አሥራ ሁለት ከሆኑ እንዲህ አድርጊ። ሦስት እጅ የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ እጅ የአኩሪ አተር ሻካራ ዱቄት። አኩሪ አተር ካላገኘሽ የስንዴ ዱቄትም ይሆናል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምረሽ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሺው፤ እጅሽ ላይ መጣበቁን ሲተው በቃው ማለት ነው። ብርድ ቦታ አንድ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ከጣት ውፍረት አሳንሰሽ ጠፍጥፊው። የሚጠበስበት ስብ በጣም ይጋል፤ በርገሩ መዋኘት አለበት እንጂ መጥበሻው ላይ ተኝቶ አይጠበስም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ አውጪው። ክብ ዳቦ፣ ሰናፍጭ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር፣ ሌላ ምንም። ቲማቲምና ሰላጣ የሚጨምር ሰው ካየሽ ከቴነሲ የመጣ ነው፤ ዝም በዪው።

እኔ እንደ ድሮው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለው በርገር ቤት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ።

ዩሊን

—

አበርዲን፣ ስኮትላንድ
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1986

ለምወድሽ ለእትዬ ዩሊን፣ ለእማማ ቬስታም፤

እንደምን ከረማችሁ? የእማማን ጉልበት ጌታ ያበርታልኝ። አፋቸውንማ እንዲያው ይተወው፤ ያለ እርሳቸው አፍ ሚሲሲፒ ምን ታደርጋለች!

እትዬ፣ ሠራሁት! ቤቱ በሙሉ በስብ ሽታ ታፍኖ ጎረቤቴ በሩን አንኳክታ "እሳት ተነሥቶባችኋል ወይ?" ብላለች። ከዶርሲ ጋር ባሕሩ መካከል ባለው የነዳጅ ማውጫ ማማ ላይ የሚሠራ አንድ የሉዊዚያና ሰው አለ፤ አንዱን አንሥቶ ገለባብጦ አየና፣ "ይሄ በርገር ነው ወይስ ሥጋ ያየ ዳቦ?" አለ። ከዚያ አራት በላ። ዶርሲም "እንግዲህ ሥጋ ያየውን ዳቦ ለኛም አስቀርልን!" እያለ እጁን ይይዘው ነበር። የዚህ አገር ሰናፍጭ ግን አይጣል ነው፤ አፍንጫ ይፈነቅላል። ሚስቲ እንባዋ እየወረደ "አልቃጠለኝም" አለች።

ንፋሱ አይጣል ነው። ከተማው ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ሰማዩም ያው። ግን ደህና ነን፣ በጣም ደህና ነን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለአራት ሰው ብቻ ቢሆን ልኩ ስንት ነው? ዱቄቱንስ ካልሽኝ ትንሽ ከፍ ባደርገው ይበላሻል? ልጆቹ ሲንኮሻኮሽላቸው ይወዳሉ።

ስልካችን ተበላሽቷልና ለመደወል አትድከሚ። ደብዳቤ ይሻላል፤ ደብዳቤ ደግሞ ይነበባል።

ያንቺው ትዋይላ

—

ኮሪንዝ
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1986

ውድ እኅቴ ትዋይላ፣

የሰማይ አባት ደጃችሁን ይጠብቅ። እዚህ ሦስት ቀን ዘንቦ ዛሬ አባርቷል። ደብዳቤሽን ለእማዬ አነበብኩላት። ሥጋ ያየ ዳቦ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ አጠጣኋት።

ለአራት ሰው አንድ ፓውንድ ሥጋ ይበቃል። ዱቄቱን ከፍ ማድረግ ከፈለግሽ ግማሽ በግማሽ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ ግን ውሃውን ቀንሺ፤ በደንብም አሳርፊው። አሳስተሽ ጠፍጥፊው፤ ሲሳሳ ትልቅ ይመስላል።

እማዬ ይህን ስጽፍ አየችና የድሮ ነገር አነሣች። "በእኔ ልጅነት" አለች፣ "እንግዳ ሲመጣ አንድ ጊዜ ገመጥ አድርጎ የቤቱን ኑሮ ያውቅ ነበር። ሥጋው ከበዛ ጥጡ ተሸጧል። ዱቄቱ ከበዛ አባወራው ሥራ ፈትቷል። ታዲያ አፉን ጠርጎ 'ጣፈጠኝ' ብሎ ይሄዳል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ትንፍሽ ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም።" እንዲያው እንድትስቂ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

በርገር ቤት ዘይት እንዲመጥ ከማነጥፈው ጋዜጣ ላይ የነዳጅ ዋጋ ክፉኛ ወርዷል የሚል አነበብኩ። እዚህ ሰው ሁሉ መኪናውን ሞልቶ እየሳቀ ይሄዳል። እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ዶርሲን ሰላም በዪልኝ።

ዩሊን

—

አበርዲን
ረቡዕ፣ ማርች 19 ቀን 1986

ለእትዬ ዩሊን፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በዪኝ። የጌታ ቸርነት ከእናንተ አይለይ። ከብርዱ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ሻንዳ የዚህን አገር ሰው አነጋገር ይዛለች፤ ብትሰሚያት ከወንበር ትወድቂያለሽ። በየረቡዑ ከኛ ስድስት ቤት አለፍ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ጌዲስ የሚባሉ ደግ ሰው ለልጆች ሻይና ብስኩት ይሰጣሉ። ልጆቹ ረቡዕን እንደ ገና ነው የሚጠብቁት። ሚስቲ "እማ፣ ነገም ረቡዕ ይሁን" ትላለች።

ዶርሲ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዷል። ሥራ እንዲህ ነው።

እትዬ፣ ባለፈው ስጠብስ ስቡ ውስጥ ተበታተነብኝ። ሚስቲ "እማ፣ በርገሩ ተፈታ!" ብላ አሳቀችን፤ በማንኪያ ለቅመን በላነው። እንግዲህ አትሳቂብኝና፣ አንድ እጅ ሥጋ ለሦስት እጅ ዱቄት ሲሆን እንዳይበታተን ምን ይደረጋል? ያለ እንቁላል ማለቴ ነው። ለሦስት ሰው የሚሆን ልክ ጻፊልኝ።

ደግሞ እባክሽ ምንም እንዳትልኪ። አውቅሻለሁ። ምንም አልጎደለንም።

ትዋይላ

—

ኮሪንዝ
ሰኞ፣ ማርች 31 ቀን 1986

ውድ እኅቴ ትዋይላ፣

የትንሣኤው ጌታ ብርሃኑን በቤትሽ ያብራ። ትናንት ፋሲካ ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሴቶቹ ካፖርታቸውን መኪና ውስጥ ትተው ነው ቤተ ክርስቲያን የገቡት። እማዬ ከዘማሪዎቹ ቀድማ "አሜን" ብላ አሳፈረችኝ።

እንዳይበታተን ድንች ቀቅለሽ ፈጭተሽ ጨምሪበት። አንድ መካከለኛ ድንች ለሦስት ሰው ይበቃል። ወይም ጥቂት ዱቄት በፈላ ውሃ አሺና እንደ ሙጫ ሲሆን ከሌላው ጋር ለውሺው። የደረቀ ዳቦ ካለሽም ይሆናል። ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ግን አትቀንሺ፤ አፍ የሚያታልለው እርሱ ነው።

ምንም እንዳልልክ ብለሻል። እኔም የአኩሪ አተር ዱቄት እዚያ እንደ ልብ አይገኝ ይሆናል ብዬ ብቻ አንድ ከረጢት ልኬልሻለሁ። ለልጆቹ ሁለት ቀሚስ አለበት፤ የእማዬ እህት ልጅ የሰፋችው ነው፤ ያማረ ስፌት አይደለም። ዱቄቱን ስታወጪ ከሥር ቀስ በዪ። ከበድ ያለ ነገር አለ።

ዶርሲ መቼ ይመለሳል? ይህን የጠየቅሁት እማዬ ስለጠየቀችኝ ነው።

ዩሊን

—

አበርዲን
ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1986

ለእትዬ ዩሊን፤

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ። እኛ ደህና።

ጥቅሉ እንደደረሰ የሚገልጽ ወረቀት ከጉምሩክ መጥቶልኛል። ሂጂና አውጪ ይላል። ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ነው፤ ሰሞኑን እሄዳለሁ። ስላሰብሽን ጌታ ያስብሽ።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥጋ አንበላም የሚሉ ጓደኞች ይዘው፣ እነርሱም ሥጋ ይቅርብን ማለት ጀምረዋል። የዛሬ ልጆች ነገር! በርገሩ ጭራሽ ያለ ሥጋ ይሠራ ይሆን? ከተሠራ ለሁለት ሰው የሚሆነውን ልክ ላኪልኝ።

እማማን ሳሚልኝ።

ትዋይላ

—

ኮሪንዝ
ሐሙስ፣ ሜይ 15 ቀን 1986፣ ማታ

ትዋይላ፣

ጌታ ይጠብቅሽ። ዛሬ ደመና ሆኖ ሳይዘንብ ዋለ። ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

ከሥራ ስመለስ ጥቅሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተመልሶ መጥቷል። አንድ ማእዘኑ ተቀዶ ዱቄቱ ፈስሷል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቀረጥ ስላልተከፈለበት ተቀባይዋ አልወሰደችውም ይላል። እኔ ለመላኪያው የሚከፈለውን ከፈልኩና ሁሉ የተከፈለ መሰለኝ። እቃ ለመቀበልም ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም። ከዱቄቱ ሥር አራት ቆርቆሮ ሥጋ ነበር። ፊት ለፊት ብልክልሽ ታፍሪያለሽ ብዬ ነው የቀበርኩት።

እማዬ ወረቀቱን አስነበበችኝ፤ ቀጥላም ያለፉትን ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አምጪ አለችኝ። አንድ በአንድ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትቆጥር ነበር።

"ለአሥራ ሁለት" አለች። "ቀጥሎ ለአራት። ቀጥሎ ለሦስት። ዶርሲ ሄዷል።"

"ለሥራ ነው የሄደው ብላለች።"

"ዩሊን፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አታሞኚኝ። አሁን ለስንት ነው ያለችሽ?"

"ለሁለት።"

"በዚያ ቤት ስንት ሰው ነው ያለው?"

"ሦስት።"

"ታዲያ የማትበላው ማን ናት?"

ደብዳቤዎቹን ሰበሰብኩ። እማዬም ዓይኗን ገለጠች። "አንቺ ደግሞ ለተራበ ሰው ዱቄት ላክሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ትዋይላ፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ገብቶኝ ነበር። ግማሽ በግማሽ ብዬ ስጽፍልሽ እጄ ያውቅ ነበር። የማርቹን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው "ወደ ቤትሽ ተመለሺ፣ መሳፈሪያውን እኔ እፈልጋለሁ" ብዬ ነበር። ቀደድኩት። አውቶቡሱ ላይ ሆነሽ ያልሽውን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ያንን እንዳስታውስሽ ቢመስልሽስ ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛውንም ቀደድኩት። በሦስተኛው ድንች ቀቅዪ አልኩሽ። የጠየቅሽኝን ሁሉ መለስኩ፤ ያልጠየቅሽኝን አንድም አልነካሁም። እዚህ ሰው ሁሉ ጨዋ ነሽ ይለኛል።

ያለ ሥጋ የሚሠራውን ልክ አልጽፍልሽም። አውቀዋለሁ፤ ግን አልጽፍልሽም።

ነገ ጠዋት የማደርገውን ካደረግሁ በኋላ ይህን ደብዳቤ እጨርሰዋለሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 16

ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር እነግርሻለሁ። ትቆጪኝ ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። እማዬ ተኝታ ነበር፤ ወይም የተኛች መስላለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩን አንሥቼ ለኦፕሬተሯ የከተማሽን፣ የመንገድሽንና የፓስተር ጌዲስን ስም ሰጠኋት። "እስቲ ድገሚልኝ" እያለች አራት ጊዜ አስደገመችኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ተገኘ። እናንተ ዘንድ እኩለ ቀን ሆኗል።

ያነሡት ራሳቸው ናቸው። "አቤት፣ ጌዲስ ነኝ" አሉ።

ስሜን ነገርኳቸው። ስለ አየሩ ጠየቅኋቸው። ይነፍሳል አሉኝ። እኔም እዚህ ደመና ነው አልኩ። ሰውዬው ታገሡኝ።

"የኔ እመቤት፣ ከአሜሪካ የደወሉልኝ ስለ አየሩ ለመጠየቅ ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አይደለም" አልኩ። "ከርስዎ ስድስት ቤት አለፍ ብሎ ትዋይላ የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር አለች። የሚበሉት የላቸውም።"

ይህንን ቃል ስለ ሰው ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

"ልጆቹን አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ብስኩቱን ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ለጨዋታ ነው ብዬ..." አልጨረሱትም። "እርስዎ ምኗ ነዎት?"

"አያቶቻችን እኅትማማቾች ነበሩ።"

"አንድ ጊዜ ስልኩን ሳይዘጉ ይቆዩኝ። አሁኑኑ ሄጄ እመጣለሁ።"

ቆየሁ። ከበስተጀርባ ሰዓት ሲመታ ይሰማኛል። አንድ ሰው ኩባያ ያጥብ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልተቀመጥኩም።

ሲመለሱ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር። "በሩን ከፈተችልኝ" አሉ። "እርስዎ እንደደወሉ ነገርኳት። ሳቀች። 'አሁን ነው በልተን የተነሣነው፣ እትዬ ዩሊንን ሰላም በሉልኝ፣ ሰው ትወዳለች፣ ትንሽ ደግሞ ታበዛዋለች' አለችኝ።"

"ምድጃው ላይ ምን ነበር?"

"ምንም አላየሁም። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው።"

"ልጆቹስ?"

"ትንሿን አላየኋትም። ትልቋ ከኋላዋ ቆማ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እጄን ነው የምታየው፤ የያዝኩት ነገር እንዳለ።" ከዚያ ጠየቁኝ። "ምን ላድርግ? ደህና ነን ካለችኝ ገፍቼ ልገባ ነው?"

ትዋይላ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ያልሽውን ነበር የምለው።

"ዳግመኛ አይጠይቋት" አልኳቸው። "እኛ አገር ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጠን ሳናንኳኳ እንሄዳለን። ማን እንዳመጣው ማንም አይጠይቅም።"

"እዚህ ደጃፍ ላይ የተቀመጠን ነገር የባሕር ወፍ ነው የሚወስደው፣ እመቤቴ።"

"እንግዲያው ቆመው ወፉን ያባሩላት።"

"ወፉን?"

"አዎ፤ በሩን እስክትከፍት።"

"ቆሜ ካየችኝ አትከፍትም እኮ" አሉ። እውነታቸውን ነው። መስመሩ ውስጥ ንፋስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

"ብቻ እሞክራለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ምን ልውሰድላት?"

"ሥጋ" አልኩ። "ዱቄት አይሁን፣ ፓስተር። እባክዎን ዱቄት አይሁን።"

ያልኩት የተሰማ አይመስለኝም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ኦፕሬተሯ "ልቀጥልልሽ?" አለችኝ። ኋላ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ የሚያነሣ የለም። ምናልባት ወጥተው ይሆናል። ምናልባትም ደጃፍሽ ላይ ናቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ስልኩን ዘጋሁ። ለእማዬ ገንፎዋን ሠርቼ ሰጠኋት። "ተናገርሽ?" አለችኝ። "ተናገርኩ" አልኳት። ማንኪያዋን አነሣች። ሽርጤን ይዤ ወጣሁ፤ በእግሬ ሄድኩ። በርገር ቤቱን ከፈትኩ፣ መብራቱን አበራሁ፣ ስቡን ጣድኩ። ሦስት እጅ ሥጋ፣ አንድ እጅ ዱቄት መዘንኩ። ጨው ጨመርኩ፣ ቁንዶ በርበሬ ጨመርኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩ፤ እጄ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ለወስኩት። ጋዜጣውን አነጠፍኩ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የመጀመሪያው ደንበኛ ገባና "እንዴት አደርሽ፣ ዩሊን?" አለኝ። "ደህና" አልኩት፤ ስንት እንደሚፈልግም ጠየቅሁት።